ካርድ ከሪከርድ ክፍል አይወጣም

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሰሚራ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሰሚራ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ነች፤ እዚህ አወቱ መንደራ ከእነሱ ጋር አጥር እንጋራለን። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ብላት ፊቷን አዞረች። ነገሩን የነገረችኝ እናቷ ናት። ለካ ትምህርት ቤቱ ደብተርና ዩኒፎርም የሚረዳቸውን ልጆች ስም ጽፎ በሩ ላይ ለጥፎታል። መለጠፉ አልበቃ ብሎት በቴሌግራም ለወላጅ ሁሉ በትኖታል። ስም አለ፣ ክፍል አለ፣ የእናት ስልክ ቁጥር አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የድጋፉ ምክንያት» የሚል። ከሰሚራ ስም ትይዩ ምን እንደተጻፈ ልንገራችሁ? «አባት እስር ቤት»። በስመ አብ! ልጅቷ ይህን እስክታክል ከጓደኞቿ ደብቃ የያዘችውን ነገር ማህተም መትተው በር ላይ ሰቀሉት።

ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ ጅማ መቼ ዝናብ አጥታ ታውቃለች! የተለጠፈው ወረቀት ርሶ ቀለሙ ወርዷል፣ የልጆቹ ስም ግማሹ ጠፍቷል፣ «እስር ቤት» የሚለው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ጠጋ ስል የረጠበ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ይህን ሽታ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው ካለ ይምጣ። ዘበኛው «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ሲለኝ እንኳ ቶሎ አልመለስኩለትም። እግሬ በሩ ላይ ቆሞ፣ ልቤ አርባ ምናምን ዓመት ወደኋላ ሄዶ ነበር።

አሰለፈች እባላለሁ። በደርግ ጊዜ እዚሁ ጅማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ቦሳ ኪቶ የከተመ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አገር ምድሩ ካኪ በለበሰበት ዘመን የስፌት መኪናው ዕረፍት አልነበራትም። እኔ ካኪ አልወድም፤ ከተረፈ ጨርቅ አበባ አበባ ያለው ጉርድ ቀሚስ ይሰፋልኝና እሱን ለብሼ እንደ ልቤ እሽሞነሞናለሁ። ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው፣ አፍሯቸውን አጎፍረው፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅማው መርካቶ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ከራዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ዘፈን ይንቆረቆራል፤ ግማሹ የፍቅር፣ ግማሹ የዘመቻ፤ እኛ ሁለቱንም እኩል እናንጎራጉር ነበር። ሳምቡሳ ዐሥር ሳንቲም ነው። በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡናል፣ ዘይቱ መፈክሩን ሲያርሰው እያየን እንበላለን። ስኳር ደግሞ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው፤ ወረፋው ላይ የከተማው ወሬ ሁሉ ይሰማል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት አባቴ በየጠዋቱ ይደግምልኝ የነበረው ለዚህ ነው፤ አፈኛ ነበርኩና።

ትምህርት ቤታችን ከቡና መጋዘን ጋር ይዋሰናል፤ ዓመቱን ሙሉ ጀንፈል ጀንፈል፣ ማለት ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ይሸታል። የእኔ ክፍል ጠባብ ናት። ሁለት የብረት ካቢኔት፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ይኸው ነው። ካቢኔቱ ውስጥ የተማሪዎቹ ካርድ አለ። ካርድ ብዬ ሳቃልለው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጁ ሲመዘገብ ከፊቴ ይቆምና እጠይቀዋለሁ፤ አባትህ ማነው፣ አለ ወይስ ሞቷል፣ ከማን ጋር ነው የምትኖረው፣ በሽታ አለብህ ወይ። አንዱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በጆሮዬ ይነግረኛል። አንዷ እናቷ ጠላ ቤት እንደምትሠራ ስትነግረኝ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። እኔም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እጽፈዋለሁ። በእጅ ጽሑፌ እኮራ ነበር።

ነጃትን የመዘገብኳት አክስቷ ይዛት መጥታ ነው። ቀጭን፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። ወላጆቿ ከጅማ ወጣ ባለችው ሸቤ ናቸው፤ እሷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጅማ አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው። «የአባት ስም?» አልኩ። «አህመድ» አለች። ጻፍኩ። አክስትየዋ ሳቅ ብላ፣ «አህመድ ብትይ ኤኙዩ ሂን ቤኩ፣ ማንም አያውቀውም እኮ። አባ ቦራ በይ» አለችኝ። በእኛ በጅማ ወግ የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቦራ ፈረስ የነበረው ሰው አባ ቦራ ሆኖ ይቀራል፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ለሶላትና ለፍርድ ቤት ብቻ ይቀመጣል። የገዛ ጎረቤቱ አህመድ መባሉን ላያውቅ ይችላል። እኔም ደብዳቤ ቢላክ እንዲደርስ ብዬ፣ አህመድ ከሚለው ቀጥሎ «አባ ቦራ» ብዬ በቅንፍ ጻፍኩ። ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ ብዬ።

ዓመታት አለፉ፤ ነጃት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። በመሃሉ የአባቷ የቡና መሬት ተወሰደ፣ ፈረሱም ተወሰደ፣ ሰውየው ራሱ ደግሞ አንድ ቀን ከሸቤ ጠፋ። ጫካ ገብቷል አሉ፣ የለም ሞቷል አሉ፣ ብዙ ተባለ። በከተማው አባ ቦራ የሚለው ስም በሹክሹክታ የሚነገር ስም ሆነ። እኔ ስሙን ወረፋ ላይ ስሰማ ከንፈሬን ነክሼ ዝም እል ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በኅዳር ጅማና ዙሪያዋ ያሉት ከተሞች፣ አጋሮ በሉ፣ ሊሙ በሉ፣ ሸቤ በሉ፣ ቡና ያሰጣሉ። ግቢው፣ የመንገዱ ዳር፣ የቆርቆሮው ጣራ ሳይቀር ቡና ነው። እኔ ደግሞ ካርድ አሰጣ ነበር! ምን ላድርግ፣ ክረምቱ ካቢኔት ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ካርዶቹ ይረጥባሉ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣሉ። ከእኔ በፊት የነበረውም ሠራተኛ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ግቢው ውስጥ ኬሻ አነጥፍና ካርዶቹን ጽሑፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ ደርድሬ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጠጠር አስቀምጥባቸዋለሁ። ከነፋስና ከዶሮ ስጠብቃቸው፣ ከዓይን መጠበቅ እንዳለብኝ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። በዚያን ዓመት ከወጣት ማኅበሩ አንዱ ተማሪ ኬሻው ላይ አጎንብሶ ሲያነብ አየሁትና «ሂድ ከዚህ፣ ደወል ተደውሏል!» ብዬ አባረርኩት። ልጁ ሮጦ ሄደ። እኔ አሰጣሁ ስል ሰጥቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጓድ ተሾመ መጣ። ጓድ ተሾመ ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛው አስተዳደር ካድሬ ነው፤ ወጣት ነው፣ ረጅም ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ የካኪ ኮቱን አባቴ ነው የሰፋለት። በርጩማዬ ላይ ያለ ግብዣ ተቀመጠና፣ «የአባ ቦራ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት አለ። ካርዱ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ያየ ሰው አለ። ከ«አባ ቦራ» በቀር ሌላ ስም ሳያነብ አንቺ አባረርሽው። በይ ካርዶቹን አውጪ» አለኝ።

ሸቤ ሄደው የአባ ቦራን ልጅ ቢጠይቁ ሰው ሁሉ «ሂን ቤክኑ፣ አናውቅም» ብሏቸዋል። አባ ቦራ አህመድ መባሉን የሚናገር አንድ ሰው አላገኙም። ሸቤ በሙሉ የጠበቀውን ነገር እኔ ኬሻ ላይ አስጥቼው! ልጅቷን ቢይዟት አባትየው ይወጣል ብለው ነው፤ ጓድ ተሾመም ይህን አልደበቀኝም። ያኔ የተያዘ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ወይ እንደማይመለስ፣ ለጅማ ሰው አይነገረውም። ማትሪክ ቀርቶ ሕይወቷ ነው።

«ደብዳቤ ይዘሃል ጓድ?» አልኩት።

«የምን ደብዳቤ?»

«ካርድ ከሪከርድ ክፍል አይወጣም። መጠየቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ማህተም።»

እንዲህ የሚል ደንብ አልነበረም። እዚያው በቆምኩበት ያወጣሁት ነው። ግን በዚያ ዘመን ማህተም የተባለ ነገር ካድሬንም ያስደነግጣል። አጉረምርሞ ሄደ።

በዕረፍት ሰዓት ነጃትን አስጠራሁ። በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጭምር። ምላጭ አወጣሁ። ያኔ የተሳሳተ ጽሑፍ በምላጭ ነው የምንፍቀው። «አይዞሽ፣ ቅንፏን ፍቄ ላጠፋልሽ ነው» አልኳት። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ እጄን ያዘችኝ።

«አይፋቁት እትዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሊይዙሽ እኮ ነው!»

«መሬቱን ወሰዱበት፤ ፈረሱን ወሰዱበት። ስሙን ደግሞ እርስዎ ሊወስዱበት ነው? ወላሂ እኔ አልፈልግም። እርስዎ ጋ ይቀመጥ ብለን ነው የነገርንዎት፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ።»

አንጀቴን በላችው። ለምን እንዳለቀስኩ ባላውቅም አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ መለስኩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ለእኔ አለቀ። ይህ ካርድ እንዳለ ይኖራል፤ እኔ ቆሜ እያየሁ ደግሞ ማንም አያነበውም።

ጓድ ተሾመ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው «የተማሪዎች ስም ዝርዝር እንዲሰጠን» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ታይፕ አድርጌ ዝርዝሩን ሰጠሁት። አህመድ የሚባል አባት ብቻ ስንት አለ መሰላችሁ! አገላብጦ አየውና ፊቱ ጠቆረ።

«ካርዱን ነው ያልኩሽ!»

«ደብዳቤው ካርድ አይልም ጓድ። ዝርዝር ነው የሚለው።»

ዝርዝሩን ለሁለት ቀደደው፣ አሁንም ቀደደው፣ መሬት ላይ በትኖት ወጣ። ጣቴ እስኪያብጥ የጻፍኩትን! በማግስቱ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ፣ «የተማሪዎች ካርድ በሙሉ እንዲታይ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው። የምደበቅበት ወረቀት አለቀ። «አልሰጥም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልሰጥም። እነዚህ ልጆች ይህን የነገሩን ለመማር ነው። ለአንተ አይደለም የነገሩት።»

ይህችኑ ቃል ነው ባለፈው ማክሰኞም ለሰሚራ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነገርኩት። ከረባት ያሰረ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እማማ፣ ለግልጽነት ብለን ነው። የተረዳው ማን እንደሆነ ሕዝብ ማወቅ አለበት» አለኝ። «ግልጽነት ከወደድክ የራስህን አባትና የራስህን በሽታ ለጥፈህ ጀምር» አልኩት። ዘበኛውን ጠርቶ ወረቀቱን ከበሩ አስነሳው፣ ከቴሌግራሙም አጠፋሁት አለኝ። «ከሰው ስልክስ?» ስለው አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔስ ኬሻ ሳነጥፍ መች ክፉ ነበርኩ? ግን አልተውኩትም። የልጆች ምክንያት ዳግመኛ እንዳይለጠፍ፣ በየቢሮው ተቆልፎ እንዲቀመጥ ብዬ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ሰኞ ራሴ አስገባዋለሁ፣ መዝገብ ቁጥር ሳልቀበልም ከዚያ አልነሳም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሰሚራን እጇን ይዤ ክፍሏ ድረስ አደረስኳት። አንዱ ጎረምሳ ሲያንሾካሹክ በጃንጥላዬ ጫፍ አመለከትኩት፣ ወደ ደብተሩ አጎነበሰ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያን ቀን ከቢሮዬ ይዘውኝ ወጡ። አራት ቀን የቀበሌው ሱቅ መጋዘን ውስጥ፣ በጨውና በሳሙና መሃል ተቀመጥኩ። አልተመታሁም፤ ሊመቱኝ እንደሚችሉ ግን በየሰዓቱ ይነግሩኛል። አባቴ ምሳ ይዞልኝ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ጠባቂው ዞር ሲል፣ «ምንድነው የያዝሽባቸው?» አለኝ።

«ወረቀት ነው አባባ።»

«ወረቀት ከሆነ ስጫቸውና ቤታችን እንግባ።»

«የሰው ነው።»

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰው ጨርቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቆቡን ጫፍ አሻሸና፣ «የሰው ከሆነማ አትስጪ» አለ። በማግስቱ ከምሳው ጋር ጋቢውን አመጣልኝ።

ጭንቀቴ ሌላ ነበር። የእኔን ቁልፍ ደብቄዋለሁ፤ የካቢኔቱ ትርፍ ቁልፍ ግን ዳይሬክተሩ አቶ መኮንን ጋ አለ። አቶ መኮንንን መምህራኑ በሌለበት «አቶ እሺ» ነበር የሚሉት። ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ፣ ካድሬ ሲያይ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ጨው ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ እሱ እምቢ ይላል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነበር። አላለምም። በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ራሱ እየሳቀ፣ «ዳይሬክተርሽ ከፍቶላቸዋል። አንቺ እዚህ የምትንገላቺው ለምንድነው?» አለኝ። ነጃት ተያዘች ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በአራተኛው ቀን ለቀቁኝ። ቤቴ አልሄድኩም፤ በቀጥታ ትምህርት ቤት ገባሁ። ክፍሌ የዶሮ ጠብ የነበረበት ይመስላል፤ መሳቢያው ተከፍቷል፣ ካርዱ ወለል ላይ ተበትኗል። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የነጃትን ካርድ ፈለግሁ። አንድ በአንድ አየሁ። የለም። ደግሜ አየሁ፣ የለም። ስነሳ አቶ መኮንን በሩ ላይ ቆሟል። ገባና ከኋላው ዘጋው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ አንድ በአንድ ፈታው። ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣ። በላብ ርሶ፣ መሃሉ ታጥፎ ነበር።

«ካርድ ከሪከርድ ክፍል አይወጣም ብለሻል አሉ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይቅርታ አሰለፈች፣ አንድ አውጥቻለሁ።»

«አንቺን የወሰዱሽ ዕለት ገብቼ ሁሉንም አነበብኩ፣ ይህችን አገኘሁ፣ እነሱ ሁለት ቀን ሲያገላብጡ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር» አለኝ። ጓድ ተሾመ ካርዶቹን ከስም ዝርዝሩ ጋር ቢያመሳክር ኖሮ አንድ እንደጎደለ ወዲያው ያገኘው ነበር። ግን ዝርዝሩን ራሱ ቀዳዶታል። እኔ የአቶ መኮንንን እጅ ልስም ስል እሱ ደንግጦ ኮቱን መልሶ ቆለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ «አቶ እሺ» ካለው መምህር ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለአንዱም አልነገርኩም። ካርዶቹንም ከዚያ ዓመት ወዲህ ያደረቅኋቸው ክፍሌ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ፣ በከሰል ምድጃ ዳር፣ በፊታቸው ደፍቼ ነው።

ማትሪክ እስኪደርስ ያሉት ወራት አላልቅ አሉኝ። ነጃት ትመጣለች፣ ትማራለች፣ ትሄዳለች። ስንተላለፍ ከአንገት ሰላምታ በላይ አንለዋወጥም። በመጨረሻ የፈተናው ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፤ አሥራ ሁለተኞቹ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል፤ የቀበሌ ጠባቂዎች ዙሪያውን ቆመዋል። የተፈታኞቹን ስም የሚጠራው ማን እንደሆነ አየሁ። ጓድ ተሾመ ነው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ። አቶ መኮንን ከጎኔ ቆሞ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልይ ነበር መሰለኝ።

«ነጃት አህመድ!» አለ በዚያ ወፍራም ድምፁ።

«አቤት» አለች። ያን ቀን ድምጿ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ቀና ብሎ አያት። ከሻሿ እስከ ጫማዋ አያት።

«እርሳስ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«በይ ግቢ» አላትና፣ ከበሩ ዘወር ብሎ አሳለፋት።